የልጁ ካካ ሲለወጥ፦ ድክ ድክ የሚሉ ልጆችን ሆድ ደረጃ በደረጃ ማወቅ

እናት ከሆንኩ ወዲህ ስለ ካካ ማውራት አያሳፍረኝም። ቡና ላይ ተቀምጠን "ዛሬስ ስንቴ አለ?" "ቀጭን ነው ወፍራም?" እንባባላለን። አንዴ የዳይፐር ፎቶ ለባለቤቴ ልኬለት ምሳውን ትቶ ተነስቷል። ግን ምን ይደረግ? የ2 ዓመት ልጅ "ሆዴን" ይላል እንጂ የቱ ጋ እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይነግራችሁም። ያንን የሚነግራችሁ ዳይፐሩ ነው።

ይህን የጻፍኩት ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ነው። ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናት፣ በተለይ ጡት ብቻ የሚጠቡት፣ ልካቸው ሌላ ስለሆነ እዚህ አላነሳቸውም።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ልጅ ልክ እወቁ

የጎረቤት ልጅ በቀን 3 ጊዜ ይላል። የእናንተው በ2 ቀን አንዴ። ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ቢልም፣ ካካው ለስላሳ ከሆነና ልጁ ሳያለቅስ ከወጣለት ቁጥሩ ብዙም አያስጨንቅ።

ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹ ይናገራል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የብሪስቶል ሰንጠረዥ የሚባል ባለ 7 ደረጃ መለኪያ አለ። በእኛ ቋንቋ ሳስቀምጠው፣ 1ኛው የፍየል በጠጥ ነው፤ ደረቅ፣ የተነጣጠለ። 4ኛው እንደ ተላጠ ሙዝ ለስላሳና የተያያዘ ነው። 7ኛው ውሃ ነው። ልጃችሁ ከ3 እስከ 5 ባለው ውስጥ ከሆነ ሰላም ነው። ወደ 1 ካዘነበለ ድርቀት፣ ወደ 7 ካዘነበለ ተቅማጥ ይጀምራል።

አንድ ሳምንት ብቻ መዝግቡ። እኔ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፌ "ሰኞ ጠዋት፣ 4፣ ቡናማ፣ ሽሮ በልቷል" እያልኩ እጽፍ ነበር። አማቴ አይታ ስቃብኛለች። ሐኪሙ ግን "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ሲለኝ ወረቀቱን አወጣሁ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ጣሪያ እያየሁ አላሰብኩም።

2. ቀለም፦ የሚያስደነግጠው ብዙ፣ የሚያስሮጠው ጥቂት

አረንጓዴ ካየን ብርድ መታው እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጎመን በልቷል፣ ወይ ምግቡ ቶሎ ስላለፈ ሐሞቱ ወደ ቡናማ ለመለወጥ ጊዜ አላገኘም። ቀይ ሥር የበላ ልጅ በማግስቱ ዳይፐሩን ደም ያስመስለዋል፤ ከመጮህ በፊት የትናንቱን ራት አስታውሱ። የደም ማነስ ሽሮፕ (አይረን) የሚወስድ ልጅ ካካው ይጠቁራል። ካሮት፣ በቆሎ፣ የምስር ልጣጭ እንዳለ ቢወጣም ችግር የለውም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ሳያላምጥ ይውጣል፣ መንጋጋውም ገና ነው።

የሚያስሮጡት ሦስት ናቸው። እንደ ኖራ የነጣ ካካ፣ ይኸ ሐሞት አንጀት ውስጥ እየደረሰ እንዳልሆነ ሊያሳይ ይችላል። አይረን ሳይወስድ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ካካ። ሦስተኛው ደም ነው። ደረቅ ካካ ላይ እንደ ክር የተሰመረ ትንሽ ደም ብዙ ጊዜ ከፊንጢጣ መሰንጠቅ የሚመጣ ነው፤ እሱም ቢሆን ይታይ። ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ደም ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ያስኬዳል።

አንዱን ለይቼ ልንገራችሁ። ልጁ ድንገት ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ይጮኻል። ከዚያ ዝም ይላል፣ ፊቱ ይገረጣል። ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጮኻል። ማስመለስ ይከተላል። ቆይቶ ደግሞ ቀይ ማርማላታ የመሰለ ካካ ይወጣል። ይኸ አንጀት እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ራሱ ውስጥ ሲጠቀለል የሚመጣ ሕመም ሊሆን ይችላል። ማርማላታውን አትጠብቁ፤ እሱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ።

3. ተቅማጥ ሲይዘው

በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ የሆነ ካካ ካለ ተቅማጥ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ጎርፉ ከመጸዳጃው ሲቀላቀል ይብሳል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ልጅን የሚጎዳው የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ተቅማጡን ማቆም አይደለም፤ የወጣውን መተካት ነው።

በዚያ ሌሊት የማደርገውን እንዳለ ልጻፈው።

እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ለክቼ ማሰሮ ውስጥ እገለብጣለሁ፤ 1 ሊትር ሆነ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ፣ እኛ ሰፈር "ለምለም" የምንለውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ሙሉውን እጨምራለሁ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ማንበብ አትርሱ፤ ለሌላ መጠን የተዘጋጀም አለ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ እያሉ በግምት መክፈል አይሆንም። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛል፣ ውሃው ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስኳርም፣ ማርም፣ ጁስም አይጨመርበትም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ቅመሱት። እንደ እንባ ጨው ጨው ማለት አለበት።

ከእያንዳንዱ ቀጭን ካካ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ገደማ ይሰጠዋል። ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቁና በሻይ ማንኪያ በየ2 እና 3 ደቂቃው ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። "ሁሉንም ያስመልሰዋል" ብላችሁ አትተዉ። በጡጦ ሲግተው ያስመልሳል፣ በማንኪያ ሲሆን ይቆይለታል። ልጄ ማንኪያውን ሲገፋብኝ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ አደርግለት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ። ክንዴ ዝሎ ነጋ።

ለምን እንደሚሠራ ሳውቅ ነው የታገስኩት። የታመመ አንጀት ውሃ ብቻውን ሲገባበት በደንብ አይቀበለውም። ስኳርና ጨው በልክ ሲቀላቀሉ ግን ስኳሩ ጨውን ይዞ የሚገባበት በር አለ፤ ያ በር በተቅማጥ ጊዜም ክፍት ነው። ውሃው ተከትሎ ይገባል። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጁስ ስኳራቸው ስለሚበዛ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስቡታል። አሜሪካ ያላችሁ ከሱፐርማርኬት በጠርሙስ የምትገዙት ፔዲያላይትም የዚሁ የኦአርኤስ ዘመድ ነው።

ፓኬቱ እስኪገኝ ቀጭን የሩዝ ውሃ ትንሽ ጨው ጣል አድርጋችሁ፣ ሾርባ ወይም ቀጭን አጥሚት መስጠት ይቻላል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ፤ እንዲያውም ይብዛ። ምግብም አይከልከል። "ሆዱ ይረፍ" የሚለው ምክር ልጁን ማስራብ ነው። ፍትፍት፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ሲሻለው ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ጨምሩለት፤ የከሳውን የሚመልሰው በዚያ ነው።

ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ ይሰጣል። በዚህ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ክኒኗ በማንኪያ ውሃ ትሟሟለች። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ሲቆም ብዙዎቻችን ዚንኩንም እናቆማለን። አታቁሙ። የአሁኑን ማሳጠር ብቻ ሳይሆን በሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራት ተመልሶ እንዳይመጣም ያግዛል። ኦአርኤሱም ዚንኩም በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ይገኛሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አዘገጃጀቱን ያሳዩዋችኋል።

ውሃው እያለቀ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ዓይኑን እዩ፣ ጎድጉዷል? ሲያለቅስ እንባ አለ? አፉ ደርቋል? መጨረሻ የሸናው መቼ ነው? 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ ከባድ ነው። ከእምብርቱ ጎን ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው መመለስ አለበት። እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ይልቁንም ከ2 ሴኮንድ በላይ ከቆየ፣ ተነሱ። ልጁ ከፈዘዘ፣ ለመጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰም እንደዚያው። መንገድ ላይም ኦአርኤሱን መስጠት ቀጥሉ።

ሰፈሩ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገብቷል ከተባለና የልጁ ካካ የሩዝ ውሃ ከመሰለ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ።

4. "አሜባ ነው" ከመባሉ በፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ልጄ የ20 ወር ልጅ ሳለ ሁለት ቀን አስቀመጠው። አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያው ቀና ብሎም ሳያየኝ "አሜባ ነው የኔ እናት፣ ይኸን በቀን ሦስቴ ስጪው" ብሎ ሽሮፕ አቀበለኝ። ስለ ኦአርኤስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩም። ሽሮፑ መራራ ስለሆነ ልጁ ያስመልሰው ጀመር፤ ባሰብን።

ከተማ ውስጥ ያለን ሰዎች ሆድ ባመመን ቁጥር አሜባና ጃርዲያ ብለን ራሳችንን እናክማለን። ቫይረስ ያመጣውን ተቅማጥ ግን አንቲባዮቲክም ሆነ ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል አያድነውም። የላብራቶሪ ወረቀቱም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። በማይክሮስኮፕ ስትታይ አሜባን የምትመስል፣ ግን ጉዳት የማታደርስ ዘመድ አላት፤ በዓይን ብቻ መለየት ይከብዳል። ደም ያለውና የሌለው ተቅማጥም አንድ ዓይነት መድኃኒት አይታዘዝለትም። አዋቂዎች የሚወስዱት ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለዚህ ዕድሜ ልጅ በፍጹም አይሰጥ። አንጀቱን ያስራል፣ ሕመሙ ግን ውስጥ ይቀራል።

ጥርስም አለ። "ጥርሱ ሊወጣ ነው" ተብሎ ስንቱ ተቅማጥ ታልፏል። በዚያ ዕድሜ ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ጀርሙ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣሉ እንጂ ተቅማጥን አያቆሙም። እማዬ ይኸን ስላት "እኛ እንዴት አደግን ታዲያ?" አለችኝ። ያላደጉትን ማን ይቆጥራቸዋል፣ አልኳት። ዝም አለች።

5. ተቅማጡ አልቆም ብሎ ልጁ ግን ሲቦርቅ

አንዳንድ ልጅ ለሳምንታት በቀን 4 እና 5 ጊዜ ቀጭን ካካ ይላል። የበላው አትክልት እንዳለ ይወጣል። ሌሊት አይቀሰቅሰውም። ይጫወታል፣ ይበላል፣ ክብደቱ ይጨምራል። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ነው። ይኸ በዚህ ዕድሜ የታወቀ ነው፤ አንጀቱ ገና ፍጥነቱን አላስተካከለም።

በመጀመሪያ ጁሱን እዩ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ ብርጭቆ ገደማ፣ ባይበልጥ ይመረጣል። ጁስ ቤት የሚቀርበው አንድ ብርጭቆ ስንት እጥፍ እንደሆነ ገምቱ። ቀጥሎ ቅባቱን። ቤተሰቡ ሲጾም ልጁም ሳናውቀው የጾም ምግብ ላይ ይውላል። ቅባት ምግብ አንጀት ውስጥ ረጋ ብሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። ፍትፍቱ ላይ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት፣ አቮካዶ፣ እንቁላል ጨምሩለት።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ ደም ከታየ ወይም ካካው ቅባት እየመሰለ በጣም ከሸተተ ግን ይኸ ምዕራፍ አይመለከታችሁም፤ ሐኪም ይየው። 14 ቀን ያለፈው ተቅማጥም እንደዚያው በሐኪም ሳይታይ "ፍጥነቱ ነው" አይባልም።

6. ድርቀት፣ ከሶፋው ጀርባ ያለው ልጅ

ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወር ሲሆነው ከሶፋው ጀርባ መደበቅ ጀመረ። በጣቱ ጫፍ ይቆማል፣ እግሩን ያቆላልፋል፣ ፊቱ ቲማቲም ይሆናል። "አይዞህ፣ አምጥ!" እለው ነበር። እያማጠ መስሎኝ። ለካስ እየያዘው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። አንድ ቀን ደረቅ ካካ ያመዋል። በሚቀጥለው ሲመጣበት ያንን ሕመም ያስታውሳል፤ ይይዘዋል። ትልቁ አንጀት ሥራው ውሃ መምጠጥ ስለሆነ ካካው በቆየ ቁጥር ይደርቃል። የደረቀው ሲወጣ የበለጠ ያማል። እሱም የበለጠ ይይዛል። ሲከርም አንጀቱ ተለጥጦ "መጣ" የሚለው ስሜት ይጠፋል፤ ከደረቀው ጎን ቀጭን ፈሳሽ እያመለጠ ሱሪውን ያበላሻል። እኛ ተቅማጥ ነው ብለን ሙዝና ሩዝ እናበዛለን። ያኔ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች የሚል፣ በጠጥ የሚመስል ወይም ትልልቅ ካካ የሚወጣውና ሲወጣ የሚያለቅስ ልጅ ድርቀት አለበት፤ ሱሪው ቢረጥብም።

ፖፖ እያስለመዳችሁ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ተዉት። ዳይፐሩን መልሱለት። መቆጣት፣ "ትልቅ ልጅ አይደለህም እንዴ?" ማለት መያዙን ያብሰዋል።

ወተቱን ለኩ። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ በወተት ሞልቶ ሌላ አይበላም፤ ድርቀትም የደም ማነስም ይከተለዋል። እኔ ቤት ጥፋተኛው ይኸው ነበር፤ ማታ ማታ ሁለት ጡጦ። አንዱን በውሃ ተካሁት። ሦስት ቀን ጮኸ።

ምግቡ ላይ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን ከነነጩ ስስ ሽፋን፣ ደቆ የተከተፈ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የአጃ አጥሚት ይግባ። የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዳቦና ከፓስታ የተሻለ ነው። ውሃ አብሮ ካልጨመረ ግን በምግቡ ውስጥ ያለው አሠር (ፋይበር) ብቻውን ያደርቃል።

ከምግብ በኋላ አንጀት በራሱ ይነቃል። ያንን ተጠቀሙበት። ከቁርስና ከራት በኋላ 5 ደቂቃ ፖፖ ላይ ይቀመጥ፣ ቢወጣም ባይወጣም። ትልቁ መጸዳጃ ላይ ከሆነ እግሩ ሥር በርጩማ አድርጉ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ በደንብ ማማጥ ይከብደዋል፤ እናንተም ሞክሩትና እዩት።

ሳሙና ፊንጢጣ ውስጥ መክተት ይቅር። ይልጠዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ፍርሃቱንም ይጨምርበታል። በ2 ሳምንት ካልተስተካከለ ሐኪሙ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ያዛል። ብዙ ጊዜ ለወራት ይወሰዳል። ሁለት ቀን ለስላሳ ሲሆን አታቋርጡ፤ የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል።

ከተወለደ ጀምሮ ድርቀት ያለበት፣ የመጀመሪያው ጥቁር ካካው ከ48 ሰዓት በኋላ የወጣ፣ ሆዱ የተነፋ ወይም አረንጓዴ የሚያስመልሰው ልጅ ግን በፓፓያ አይሞከር። ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

7. ከመታመሙ በፊት፣ ሐኪም ዘንድም ስትሄዱ

ተቅማጥ ከሚያመጣው ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው የሮታ ክትባት በኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት ይሰጣል፤ ካርዱን አውጡና እዩ። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ከ1 ዓመት በኋላ በኩባያ ይጠጣ። የሚጠጣው ውሃ ይፈላ ወይም "ውሃ አጋር" በሚባለው የውሃ ማከሚያ ይታከም። ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ እጅ በሳሙና። የትል መድኃኒትና ቫይታሚን ኤ በጤና ጣቢያው ፕሮግራም በየ6 ወሩ ይሰጣል፣ አያምልጣችሁ።

ለምርመራ ስትሄዱ የፍሪጁን ወረቀትና የካካውን ፎቶ ያዙ። ሰገራ አምጡ ከተባላችሁ በንጹሕ ዕቃ፣ ከሽንት ሳይቀላቀል፣ ደም ወይም ንፍጥ ካለበት ያንኑ ክፍል ጨምራችሁ ውሰዱ። ቀጭን ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ ሕይወት ያላት አሜባ ከቆየች ስለምትሞት አትታይም። የማለዳውን ዳይፐር አስቀምጣችሁ ከሰዓት በኋላ ብትወስዱት ላብራቶሪው ምንም አይነግራችሁም።